በእህቴ ስም አቤት ያልኩባቸው ዓመታት

ክርስትና ስም እያለው በሌላ ስም የሚጠራ ሰው ሞልቷል። እኔንም ቄሱ የሚያውቁኝ በአንድ ስም፣ እናቴ የምትጠራኝ በሌላ ነው፤ በዚህ ማንም አይገረምም። ሦስተኛው ስሜ ግን የእኔ አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ቡታጅራ ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የምጠራው በታላቅ እህቴ ስም ነበር። አሁን ያ ስም ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። እኔ ዘንድ የቀረው እጅ ጽሑፌ ነው። እሱንም ቢሆን ሰው ሳያየው እንዳይቀር ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ደግሞ መጻፍ እወዳለሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደፈለግሁት ሲሆንልኝ እንደ ሞኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ታሪኩ ግን የሚያስቅ አይደለም፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

አባቴ እንደ መንደራችን ወንዶች ሁሉ የሚነግደው አዲስ አበባ ነው። አገር ቤት የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነው። የዓመቱ ጉዳይ ሁሉ በእነዚያ ዐሥር ዐሥራ አምስት ቀናት ውስጥ ያልቃል፤ ሠርግ ይቆረጣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ አጥር ይታጠራል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ይከደናል። እኔ ሰባት ዓመት በሞላኝ መስቀል አባቴ ከበሬውና ከአዲሱ ጋቢው ጋር አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። መርካቶ ጎረቤቱ የሆነ ነጋዴ ሴት ልጁ ደብዳቤ ስታነብለት አይቶ ቀንቶ ነበር። ገና ከመምጣቱ እህቴን እጇን ይዞ ወደ ከተማ ወረደ፤ የእሷን ስም፣ የራሱን ስምና የአባቱን ስም አስጻፈ፣ ፈረመ፣ ተመለሰ። እህቴ ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነው። ስለ እኔ ያነሣ አልነበረም። መስቀል አለፈ፣ አባቴም ወደ ንግዱ ሄደ።

ትምህርት ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው እናቴ መጀመሪያ እህቴን አየቻት፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። እህቴ በዚያ ዕድሜዋ እንሰት ትፍቅ ነበር፤ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣ፣ እግሯን ግንዱ ላይ አድርጋ፣ ቃጫው ሳይበጠስ ዱቄቱን ብቻ ታወርደው ነበር። እኔ ሞክሪ ስባል ቃጫውን እበጣጥሰዋለሁ፣ ከዚያም አልቅሼ እነሣለሁ። እናቴ ብዙም አልተጨነቀችም።

"ነገ አንቺ ነሽ የምትሄጂው፣" አለችኝ።

እናቴ የቅቤ ማኅበር ነበራት። ስምንት ሴቶች ሆነው የየቤታቸውን ቅቤ ለአንዷ ያዋጣሉ፣ ቀጥሎ ለሌላዋ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ተራዋ የደረሰ ሴት ታማ ወይ ወልዳ መምጣት ካልቻለች እህቷ ወይ ልጇ ሄዳ ትቀበልላታለች። ቅቤው የቤቱ ነው፤ በማን እጅ ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትምህርት ቤቱንም እንደዚያ ነው ያየችው።

"ስሙ እኮ የእትዬ ነው፣" አልኳት።

"ተራው የቤታችን ነው። ሲጠሩ አቤት በይ፣ በቃ።"

በመጀመሪያው ቀን ስሙ ሲጠራ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሲጠራም እህቴ በር ላይ ቆማ ይሆናል ብዬ ዞር ብዬ አየሁ። ከመንደር አብረውኝ የመጡት ልጆች ጎሸም ሲያደርጉኝ ነው ትዝ ያለኝ። አስተማሪው፣ "ጆሮሽ አይሰማም?" አሉኝ። አቤት አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ያለ ጎሻሚ አቤት አልኩ። ለገና እንኳ ሳንደርስ፣ ያ ስም ሲጠራ ልቤ ቀድሞኝ ይነሣ ጀመር።

በሚቀጥለው መስቀል አባቴ ነገሩን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። "ሲደርስ እናስተካክለዋለን፣" አለ። ከዚያ በየመስቀሉ ሌላ ነገር ይመጣል፤ አንድ ዓመት የአጎቴ የመሬት ክስ፣ አንድ ዓመት ጣሪያው፣ አንድ ዓመት የእህቴ ሠርግ።

እኔ ደግሞ እንዲስተካከል አልጎተጎትኩም። እውነቱን ልናገር፣ ያችን ሌላዋን ልጅ ወድጃት ነበር። ጀፎረውን፣ ያንን በየቤቱ ፊት ለፊት የተዘረጋውን ሰፊ የመንደራችንን ሜዳ ጨርሰን ኮረኮንቹን መንገድ ስንረግጥ፣ የመንደር ልጆች ሁሉ ስሜን ይቀይሩታል። ከዚያ ወዲያ ያለችው ልጅ እጇን ቶሎ ታወጣለች፣ አማርኛ ትናገራለች፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ መስመሯ አይጣመምም። ወዲህ ያለችው ጉራጌኛ ትናገራለች፣ ቃጫ ትበጥሳለች፣ ውሃ ስትቀዳ ትደፋለች። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም። እቤት አልረባም ነበር፤ እህቴ ግን ከክፍል አንደኛ ትወጣለች።

እህቴም በዚህ ትቀልድ ነበር። ካርዴን ይዤ ስገባ እንሰቷን ሳትለቅ፣ "ስንተኛ ወጣሁ?" ትለኛለች።

"አንደኛ።"

"አልደከመኝም እኮ፣" ትላለች። እናቴ ሳይቀር ትስቃለች።

ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የተፈተንኩት ባለፈው ሰኔ ነው። ውጤቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የወንበር ጓደኛዬ፣ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ቀድማኝ አይታው ኖሮ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ። "አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንም አልፈናል፣ አንቺማ ከላይ ነሽ፣" አለችኝ። ከላይ ያለው የእህቴ ስም ነበር። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ ይህን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም። ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ፣ ከዚያ አስተማሪ እሆናለሁ ብዬ መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እያወራሁ ነው የተመለስኩት።

ወሬው እኔ ለአባቴ ሳልነግረው መርካቶ ደረሰ። አንድ ያገራችን ሰው፣ እህቴን አግብቶ አዲስ አበባ የወሰዳት ባሏ ሱቅ ድረስ ሄዶ፣ "ሚስትህ አልፋለች፣ እንኳን ደስ ያለህ፣" አለው አሉ። የእህቴ ባል ከእሷ ጋር ለመስቀል ሲመጣ ይህንኑ ነበር ይዞ የመጣው። ሥጋው ቀርቦ ሁሉም ከበው ሳለ፣ "ሚስቴ ጓዳዬ ውስጥ ቁጭ ብላ ስምንተኛ ክፍል አለፈች። እንዲህ ያለች ሚስት ከእናንተ ማን አለው?" አለ።

"ለእኔም እንደሷ ያለች ፈልግልኝ፣" አለ አጎቴ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በማግስቱ ያንኑ ቀልድ ደገመው፣ የሳቁት ግን ጥቂት ናቸው። በሦስተኛው ቀን የሳቀ የለም። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ዘመድ እንዳለው፣ እዚያ ሕሙማንን የሚረዱ ሴቶች እንደሚሠለጥኑ፣ የሚጠየቀውም የስምንተኛ ክፍል ወረቀት ብቻ እንደሆነ ለአባቴ ቀስ ብሎ አስረዳው። ወረቀቱ ላይ ፎቶግራፍ የለም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለው፤ ከሦስቱ ሁለቱ የእኔም ናቸው።

"ማንበብ ትችላለች?" አለ አባቴ።

"ቀስ ብላ ታነባለች። ከትንሿ ደብተር እየለቀመች ተምራለች። የቀረው በሽተኛ ማገላበጥ ነው፣ እጇ ሥራ ያውቃል።"

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። "ወረቀቱ ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ያስፈልገኛል፣ አባባ፣" አልኩት።

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ዞሮ አየኝና እንደ ሽማግሌ ዳኛ ጠየቀኝ። "ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ማን ነው?"

"እትዬ።"

"ሆስፒታሉ የሚፈልገው ማንን ነው?"

"እትዬን።"

"ታዲያ እኔ ምን ልበል? አንቺን ደግሞ በስምሽ አስመዘግብሻለሁ።"

"አንደኛ ክፍል?"

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ አባቴ፣ "ሄደሽ ወረቀቱን አምጪው። አንቺን ነው የሚያውቁሽ፣" አለኝ።

ማታውን እህቴን አላናገርኳትም። ጠዋት እንሰቱ መሀል ተከትላኝ መጣች። የከተማ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ነበር። አማርኛዋ የአዲስ አበባ ሆኗል፤ ከእኔ ጋር ግን በቋንቋችን ነው የምታወራው።

"ጠልተሽኛል፣" አለችኝ።

"አልጠላሁሽም።"

"ብትጠዪኝም አልፈርድብሽም። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። እኔ ባልፍቅ ኖሮ አንቺ ትሄጂ ነበር?"

"አልሄድም።"

"ደብተር ይዘሽ ስትመጪ የምትበዪውን ቆጮ የሚሠራው ማን ነበር?"

"አንቺ።"

"ያውልሽ፤ ግማሹ የእኔ ነው። ስሙም የእኔ ነው። ያንቺ የቱ ነው?"

ለመርታት ብላ ቢሆን ኖሮ እጮህባት ነበር። እሷ ግን ከልቧ ነው የጠየቀችኝ፣ መልሱን ነግሬያት እሷም እንድትገላገል የፈለገች ትመስል ነበር። ጭንቅላቴ ነው ልላት አሰብኩ። እሱንም ያበላችው እሷ ናት። "እዚያ ጓዳ ውስጥ ነው የምሞተው፣" አለችኝ። "ከባሌ እናት ጋር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። የሰው ቁስል ማጠብ ይሻለኛል።"

በማግስቱ ወደ ከተማ ወረድኩ። ዲሬክተራችን ከአንኮበር በኩል የመጡ፣ ኮታቸውን በጸሐይም የማያወልቁ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ለተማሪ ሲነሡ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረጉና በእህቴ ስም ጠርተው፣ "እንኳን ደስ ያለሽ። ፈርሚና ውሰጂ፣" አሉኝ።

ብዕሩን ያዝኩ፣ አልፈረምኩም።

"ጋሼ፣ ይህ ስም የእኔ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው፣ የእኔ ነው?"

ነገርኳቸው። እንሰቱንም፣ እናቴንም፣ የቅቤውን ተራም ሳልተው ነገርኳቸው። ሄደው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

"ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አፍሽ አልተሳሳተም?"

"ለምጄው ነው።"

"አሁን ምን ላድርግልሽ?"

"በስሜ ይጻፉልኝ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ስሚኝ ልጄ። የተፈተነችው ሌላ ናት ብዬ ከጻፍኩ የስምንት ዓመት መዝገብ ሐሰት ሆነ ማለት ነው። ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ይሰረዛል። ያኔ አንቺም የለሽም፣ እሷም የለችም።"

"አባቴ ቢመሰክርስ?"

"ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የፈረምኩት ለሌላ ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመት መንግሥትን አታልያለሁ ይላል?"

አባቴን በዐይነ ኅሊናዬ አመጣሁት፤ በጋቢው፣ ሰው ፊት ቆሞ። "አይልም፣" አልኩ።

ከውጭ ልጆች ኳስ ሲራገጡ ይሰማል። "እንዳልሰማሁ ልሁን?" አሉኝ። ከዚያ በላይ ደግ ሊሆኑልኝ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ፈረምኩ። እጄ ለምዶት የለ።

ወረቀቱን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ኮረኮንቹ ላይ ቆምኩ። ወልቂጤ አክስት አለችኝ። እዚያ ፊቴን የሚያውቅ አስተማሪ የለም፤ ይህን ወረቀት ይዤ ብሄድ ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ፣ እማራለሁ፣ አስተማሪ እሆናለሁ፣ ሁሉንም በእህቴ ስም። ባገባም በእሷ ስም አገባለሁ። እሷ ደግሞ እዚያ ጓዳ ውስጥ በምንም ወረቀት ላይ የሌለች ሴት ሆና ትቀራለች። የእኔ ልጆች እናታቸው ማን ናት ሲባሉ የአክስታቸውን ስም ይጠራሉ። ቤታችን ገብቼ ደግሞ መስቀልን ዳግመኛ አላከብርም። አንድ የጭነት መኪና ቆሞልኝ፣ ሾፌሩ፣ "ትሄጃለሽ?" አለኝ። ወደ ዳር ፈቀቅ ስልለት አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ያቺ ጎበዟ ልጅ ብትሆን ትሳፈር ነበር። እኔ ግን ጀፎረውን አቋርጬ ቤት ገባሁ።

ወረቀቱን ለእህቴ በእጇ ሰጠኋት። አላነበበችውም፤ ደረቷ ላይ አድርጋው ቆየች።

ሥራው ግን በዚያ አላለቀም። ፊርማ አለ። ያንን ፊርማ እኔ ነኝ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የፈጠርኩት፤ መጨረሻው ላይ እንደ ሐረግ የሚጠቀለል ጭራ አለው፣ እሱን ለማሳመር ስንት ወረቀት አበላሽቻለሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ ስትፈርም ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ይነቁባታል ተባለና ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ ተቀምጠን አስተማርኳት። ብዕሩን አጥብቃ ስትጫነው ወረቀቱ ተቀደደ።

"ቀስ በዪ እንጂ፣ እንሰት አይደለም፣" አልኳት።

"አንቺም ቃጫዬን ስንቴ በጥሰሽብኛል፣" አለችኝ። እንዳለፈው ጊዜ አብረን ሳቅን፣ ቶሎም ወደ ወረቀቱ ተመለስን።

በሦስተኛው ቀን ጭራው ተጠቀለለላት። የእኔንና የእሷን ጎን ለጎን አድርጋ፣ "የቱ ያንቺ ነው?" አለችኝ። ለየሁ፣ ግን ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። አባቴ ወረቀቱን አንሥቶ አየና፣ "ጎበዝ፣" አለ። ለማናችን እንዳለ አላውቅም።

በቡኢ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ሄዱ፤ አባቴ፣ እህቴና ባሏ። አባቴን ከመሳፈሩ በፊት፣ በስምሽ አስመዘግብሻለሁ ያለኝን አስታወስኩት። "ለሚመጣው መስቀል እናየዋለን፣" አለኝ። እናቴ ስትመለስ ማልቀሴን አይታ ተቆጣች። "ምን ጎደለብሽ? እጅሽ አለ፣ እግርሽ አለ፣" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከተማርኩትም የጎደለ የለም፤ ወንዞቹን ሁሉ አሁንም በቃሌ እላቸዋለሁ፣ እንግሊዝኛውም አልጠፋብኝም። የጠፋው የሚጠይቀኝ ነው። በስሜ የሚያውቀኝ ሁሉ ያልተማረች ብሎ ያውቀኛል፣ የተማረችውን የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ስሜን አያውቅም። ከሁለቱ የትኛዋ እኔ ናት ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ አንዷ ሄዳለች፣ የቀረችው ደግሞ አዲስ እንግዳ ሆናብኛለች። አሁን እንሰት መፋቅ እየተማርኩ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቴ። ሴቶቹ ትዕግሥት አላቸው፣ ግን ይስቁብኛል።

ባለፈው የገበያ ቀን ቆጮ ይዤ ቡታጅራ ወርጄ ነበር። ቅጠሉን አንጥፌ እንደተቀመጥኩ አንድ ሰው ከጀርባዬ በእህቴ ስም ጠራኝ። ዞርኩ፤ አቤት ለማለትም አፌን ከፍቼ ነበር። የወንበር ጓደኛዬ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፣ አዲስ ዩኒፎርም ለብሳለች። ነገሩን ከሰማች ሁለት ሳምንት ሆኗት ኖሮ አፏን በእጇ ያዘች።

"አፉ በይኝ፣ ረሳሁት።"

"ምንም አይደል።"

"ታዲያ ማን ልበልሽ?"

ስሜን ነገርኳት። ስምንት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሰምታው አታውቅም። ለራሷ በቀስታ አለችው፣ እያየችኝ ደግማ አለችው፣ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

"ወላሂ፣ አንቺን አይመስልም።"

"አዎ፣" አልኳት፣ "እኔም እንደዚያው ነው የሚመስለኝ።"

አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ስለ አዲሱ የሒሳብ አስተማሪያቸው ታወራልኝ ጀመር። ስላልገባት ጥያቄ ነገረችኝ፣ መሬቱ ላይ በእንጨት ጽፌ አሳየኋት፣ ወዲያው ገባት። አንድ ገዢ መጥቶ ቆጮውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ስንት ነው?" አለ። አቤት አልኩት።